ለአነስተኛ ገበሬዎች የእህል ማድረቂያ ስሠራ ያጋጠመኝና የተማርኩት

የመጀመሪያው ማድረቂያዬ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ የተነጠፈበትና ከላይ በመስታወት የተከደነ የእንጨት ሣጥን ነበር። እኩለ ቀን ላይ ቴርሞሜትር ሳስገባበት 65 ዲግሪ ሴልሺየስ አሳየኝ፤ ሥራው ያለቀ መስሎኝ በጣም ተደሰትኩ። ሣጥኑን ሊሞክሩልኝ ፈቃደኛ የሆኑት አንዲት እናት ግን በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ከፍተው እጃቸውን እስከ አንጓቸው በቆሎው ውስጥ ከከተቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ላዩ ተቃጥሏል፤ ሆዱ ግን ያው ነው» አሉኝ። የመስታወቱ የውስጥ ገጽ በውሃ ጠብታ ተሸፍኖ ነበር፤ ጠብታውም ተመልሶ እህሉ ላይ ይወርድ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው በቆሎ 20 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ ከቤታቸው ጥግ ተከምሮ ተራውን የሚጠብቀው ግን 8 ኩንታል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ማድረቂያዎችን ሠርቻለሁ፤ አንዳንዶቹን ራሴ አፍርሻቸዋለሁ፣ ጥቂቶቹ ዛሬም ያገለግላሉ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው፣ በያጅም ይሁን መሐንዲስ ወይም ከገበሬዎች ጋር የሚውል ባለሙያ፣ እኔ ሁለት የምርት ወቅት የፈጀብኝን ነገር ብየዳ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ምሽት ወረቀት ላይ እንዲያገኘው ብዬ ነው።

ሣጥኑን ከመሥራቴ በፊት ማስላት የነበረብኝ በቀን ስንት ኪሎ ውሃ ከእህሉ መውጣት እንዳለበት ነበር። በቆሎ ከማሳ ሲሰበሰብ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ሳይበላሽ እንዲከማች ደግሞ ወደ 13 በመቶ መውረድ አለበት። ከነገለባው ያለ ሩዝ 14 በመቶ ከደረሰ ለጥቂት ወራት ይቆያል። አሁን 22 በመቶ እርጥበት ያለው 5 ኩንታል የተፈለፈለ በቆሎ እንውሰድ። በውስጡ 110 ኪሎ ውሃና 390 ኪሎ ደረቅ አካል አለ። ደረቁ አካል ስለማይለወጥ፣ እርጥበቱ 13 በመቶ ሲደርስ የበቆሎው ጠቅላላ ክብደት 448 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መውጣት ያለበት ውሃ 52 ኪሎ ነው፤ ይህም ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካኖችን ሞልቶ የሚተርፍ ማለት ነው።

አንድ ኪሎ ውሃ ከእህል ለማትነን 2.5 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 18 ሜጋጁል አካባቢ ሲሆን፣ በቀላሉ የተሠራ የፀሐይ ማድረቂያ ከዚህ ውስጥ ሲሶውን ከተጠቀመበት ጥሩ ሠርቷል ይባላል። ይህ ሲሰላ በካሬ ሜትር በቀን 2 ኪሎ ገደማ ውሃ ይሆናል። የእኔ ሣጥን አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ብቻ ነበር፤ የእኚያን እናት በቆሎ 5 ኩንታሉን እንኳ በአንድ ቀን ለማድረቅ ከ25 ካሬ ሜትር በላይ ያስፈልግ ነበር። ይህን ስሌት ቀድሜ ብሠራው ኖሮ መስታወቱን ባልገዛሁ፣ እሳቸውም ሁለት ፀሐያማ ቀን ባላባከኑ ነበር።

የሁለት ቀን መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። እርጥብ እህል ሲከመር ራሱ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ ሻጋታው ይፈጥናል። ከሻጋታዎቹ አንዱ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባለው ሲሆን፣ እሱ የሚያመርተው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል መርዝ ነው፤ ተራ የማብሰል ሙቀትም አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በዚህ መርዝ የተበከለ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል፤ በቆሎው በእርጥበቱ ሳለ የተከማቸ ነበር። ማድረቂያ የሻጋታውን እድገት ይገታል እንጂ አስቀድሞ የተፈጠረውን መርዝ አያወጣም። ስለሆነም የሻገተና የተቦረቦረ ፍሬ ወደ ማድረቂያው ከመግባቱ በፊት መለቀም አለበት፤ ማድረቂያውም እህሉ በተሰበሰበበት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተራውን ማዳረስ መቻል አለበት። አንድን ንድፍ ስመረምር ዛሬም መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከሙቀቱ ይልቅ አየሩን መርሳቴ ነበር። እህልን የሚያደርቀው በላዩ እያለፈ እርጥበቱን ተሸክሞ የሚወጣ አየር ነው፤ የሙቀት ድርሻ አየሩ ብዙ መሸከም እንዲችል ማድረግና ውሃውን ከፍሬው ውስጥ ማስወጣት ነው። አየር በ10 ወይም በ11 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ፣ ማለትም ሊይዝ ከሚችለው እርጥበት ውስጥ በእርግጥ የያዘው ድርሻ፣ በግምት በግማሽ ይወርዳል። ለምሳሌ 28 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር ወደ 39 ዲግሪ ከፍ ቢል እርጥበቱ ከ40 በመቶ ብዙም አይርቅም፤ ያን ጊዜ በቂ የማድረቅ አቅም አለው። 65 ዲግሪ አያስፈልገኝም ነበር። የሚያስፈልገኝ መውጫ ያለው፣ ሳያቋርጥ የሚነፍስ፣ ለብ ያለ ብዙ አየር ነበር። የእኔ ሣጥን ግን መውጫ ስላልነበረው እርጥበቱ ቀን ተንኖ ሌሊት መስታወቱ ላይ ጠብታ ሆነ።

ስንት አየር? በተግባር አንድ ኪሎ አየር እንዲህ ባለው ማድረቂያ ውስጥ ሲያልፍ ይዞ የሚወጣው ውሃ 5 ግራም ገደማ ነው። በዚህ ሂሳብ 52 ኪሎ ውሃ ለማውጣት ከ10 ሺህ ኪሎ በላይ፣ ማለትም 9 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል አየር ማለፍ አለበት። በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ከተፈለገ በሰዓት ከ1,100 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። ይህ ቁጥር የማራገቢያውን፣ የወለሉን፣ የመተላለፊያውንና የምድጃውን መጠን ሁሉ ስለሚወስን፣ ወረቀቴ ላይ ሁልጊዜ ከላይ የምጽፈው እሱን ነው።

ሦስተኛው ማድረቂያዬ አልጋ መሰል ነበር። አራት ማዕዘን ሣጥን ሆኖ ከታች ባዶ የአየር ክፍል፣ በመሐል የተበሳሳ ላሜራ፣ በላሜራው ላይ ደግሞ እህሉ አለው፤ ማራገቢያው ሞቅ ያለውን አየር ወደ ታችኛው ክፍል ይገፋል፣ አየሩም በእህሉ መካከል ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ዓይነቱ ማድረቂያ በእስያ የሩዝ አምራች አገሮች ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የቆየ ነው፤ የሠራሁትም አዲስ ነገር ለመፍጠር ሳይሆን የታወቀውን ለማሳነስ ነበር። 5 ኩንታል በቆሎ 0.7 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይይዛል፤ ውፍረቱ 25 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከተደረገ 2.8 ካሬ ሜትር ወለል ይበቃዋል።

በውፍረቱ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ። ወለሉ ጠብቦ እህሉ ቢወፍር ላሜራ ይቆጠባል፤ ነገር ግን አየሩ ከታች ገብቶ የመጀመሪያውን ንጣፍ ሲያደርቅ እርጥበት ይጠግብና ከላይኛው ንጣፍ ምንም ሳይወስድ ይወጣል። የታችኛው ተሰነጣጥቆ የላይኛው ገና ላብ ላብ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ 40 ሴንቲ ሜትር ሞክሬ በየሁለት ሰዓቱ በአካፋ ማገላበጥ ግድ ሆነብን፤ የሚያገላብጡትም ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ ሲሠሩ የዋሉት ሴቶች ነበሩ። ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ስናወርደው በመሐል አንድ ጊዜ ማገላበጥ በቃ። ላሜራ ቆጥቦ የሰው ጉልበት የሚያባክን ንድፍ ርካሽ ነው ብዬ አላምንም።

ማራገቢያ ሲመረጥ ትልቁ ወጥመድ ሻጩ የሚናገረው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ማራገቢያው ከፊቱ ምንም ሳይጋረጥበት የሚገፋውን አየር ይገልጻል፤ እህል ሲጋረጥበት የአየሩ መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ቤት ለማቀዝቀዝ የተሠራ ማራገቢያ በ25 ሴንቲ ሜትር በቆሎ ፊት አየሩን መልሶ በጠርዙ ያስወጣዋል እንጂ አይገፋውም። የእህሉ ዓይነትም ልዩነት አለው፤ ፍሬው ባነሰ ቁጥር ክፍተቱ ስለሚጠብ፣ ለበቆሎ የበቃ ማራገቢያ ለማሽላ ወይም ለስንዴ ላይበቃ ይችላል፤ ያን ጊዜ ውፍረቱን መቀነስ እንጂ እሳቱን መጨመር አይረዳም።

ግፊቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ አጥፌ ሰሌዳ ላይ ካሰርኩ በኋላ ግማሹን በውሃ እሞላዋለሁ፤ አንዱን ጫፍ በአየር ክፍሉ ግድግዳ በተበሳ ቀዳዳ አስገብቼ ሌላውን ክፍት እተወዋለሁ። በሁለቱ ክንዶች ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት በሚሊ ሜትር ሲለካ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 10 ፓስካል ገደማ ነው። ከላይ በጠቀስኩት አልጋ ላይ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ማየት የተለመደ ነው። አንድ ቀን ውሃው አልነቃነቅ አለኝ። ማራገቢያው ተበላሽቷል ብዬ ስፈታው ዋልኩ፤ ኋላ ላይ እጄን በሣጥኑ ማዕዘኖች ዙሪያ ሳሳልፍ ግን አየሩ በአንዱ ማዕዘን እንደ ጅረት ሲወጣ ተሰማኝ። የግድግዳው ጡቦች ሲደርቁ ተላቅቀው ነበር። ጭቃ በገለባ ለውሰን ደፈንነው፤ ውሃው ወዲያው ተነሣ። ስለዚህ ሙከራ ከመጀመሬ በፊት ቀጭን ጭስ በየመጋጠሚያው አስጠግቼ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ።

ስለ ምድጃው የማዝንበት ነገር ስላለ በዝርዝር ልንገር። ማገዶው ቆረቆንዳ ነው። 52 ኪሎ ውሃ ለማትነን 130 ሜጋጁል ያስፈልጋል፤ ምድጃውና ማድረቂያው በአንድነት ከማገዶው ሙቀት ሩቡን ብቻ ቢጠቀሙ እንኳ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ደረቅ ቆረቆንዳ ይበቃል። ከ5 ኩንታል በቆሎ ፍልፈላ የሚተርፈው ቆረቆንዳ ከዚህ በላይ ስለሆነ እህሉ ራሱ የሚደርቅበትን ማገዶ ይዞ ይመጣል፤ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ምድጃ ጭሱ ከአየሩ ጋር በቀጥታ ወደ እህሉ ይገባ ነበር። ማገዶው አይባክንም፣ እህሉ ግን ጭስ ጭስ ይሸታል፤ በጭሱ ያሉት ጎጂ ነገሮችም ፍሬው ላይ ይቀራሉ፤ ብልጭታ ከገባ ደግሞ እሳት ይነሣል። ስለዚህ ጭሱ በብረት በርሜል ውስጥ አልፎ በጭስ ማውጫ እንዲወጣ፣ ንጹሑ አየር ደግሞ በበርሜሉ ዙሪያ ሞቆ እንዲገባ አደረግሁ። ማገዶው ጨመረ፤ ቢሆንም ወደ ፊተኛው አልተመለስኩም።

የማዝንበት ግን ሌላ ነው። አንድ ገበሬ ለዘር የለዩትን በቆሎ ከሌላው ጋር አምጥተው ነበር። እሳቱን የሚጠብቀው ልጅ ቆረቆንዳውን አብዝቶበት ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አለፈ፤ እኔ ደግሞ በቶሎ መድረቁን ብቻ ተመልክቼ ዝም አልኩ። በዘር ወቅት ከዘሩት ውስጥ የበቀለው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኔ ነው፤ ለዘር የሚሆን እህል የሚያልፍበት አየር ከ43 ዲግሪ መብለጥ እንደሌለበት አውቅ ነበር፤ ማድረቂያውን ግን ይህን የሚጠብቅ አድርጌ አልሠራሁትም። የቆረቆንዳ እሳት አንዴ ከነደደ በኋላ በቶሎ አይታዘዝም። ስለዚህ አሁን ሙቀቱን የምቆጣጠረው በእሳቱ ሳይሆን በምድጃውና በማራገቢያው መካከል ባለች፣ ቀዝቃዛ አየር በምታስገባ ትንሽ መዝጊያ ነው፤ ሙቀቱ ሲወጣ መዝጊያዋ ትከፈታለች፣ ሲወርድ ትጠብባለች። ቴርሞሜትሩም የሚተከለው አየሩ እህሉን ከመንካቱ በፊት ባለው ቦታ ሲሆን፣ 43 ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግበታል። ለምግብ የሚሆን በቆሎ ከዚህ በላይ ሙቀት ቢችልም፣ በኃይል ሲደርቅ ፍሬው ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውንም ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል። ስለዚህ ለሁሉም ያንኑ ቀይ ምልክት እንዲያከብሩ እነግራቸዋለሁ።

እህሉ መድረቁን ማወቂያ መንገድ የሌለው ማድረቂያ ግማሽ ማድረቂያ ነው። ገበሬ በጥርሱ ነክሶ ያውቃል፤ ልምዱንም አከብራለሁ፤ ሆኖም ጥርስ 13ን ከ15 አይለይም። የምወደው ዘዴ ክብደት ነው። የመጀመሪያው እርጥበት ከታወቀ፣ 10 ኪሎ እህል በመረብ ከረጢት ተመዝኖ በአልጋው መሐል ይቀበራል፤ ከ22 ወደ 13 በመቶ ሲወርድ ክብደቱ 9 ኪሎ ለመሙላት 30 ግራም ያህል ይጎድለዋል። ለዚህ አንድ የእጅ ሚዛን ይበቃል። የመጀመሪያውን እርጥበት ለማወቅ መለኪያ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ፣ አንድ መሣሪያ ለአንድ መንደር በጋራ መያዙ ያዋጣል። መሣሪያ በሌለበት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ጨው ነው፤ በደንብ የደረቀ ጨው ከእህሉ ጋር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ተጨምሮ፣ ተንጦና ለ10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው። ጨው ካልተጣበቀ ከ15 በታች መሆኑን እንጂ 13 መድረሱን አያረጋግጥም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው መንገድ የአየር እርጥበት መለኪያን ከቀዘቀዘ እህል ጋር አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው፤ ንባቡ 65 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እህሉ ለማከማቸት ደርሷል።

የዋጋን ነገር ሳስብ በቬትናም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ አንድ ማድረቂያ ሁልጊዜ ይታወሰኛል። በሆ ቺ ሚን ከተማ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከቀርከሃ ምንጣፍ ሁለት ክብ ግድግዳዎችን አንዱን በሌላው ውስጥ አቁመው፣ እህሉን በሁለቱ መካከል ሞልተው፣ አየሩን ከውስጠኛው ክብ ወደ ውጭ ገፉት፤ ስሙንም በቋንቋቸው «በጣም ርካሽ» የሚል ትርጉም ባላቸው ቃላት ሰየሙት። የላሜራ ወለል የለውም፤ በማዕዘን በኩል የሚያፈስ ቦታም የለውም፤ ግድግዳው ቢያረጅ ገበሬው ራሱ ይሠራዋል። ገንዘቡ በዋናነት የሚወጣው በማራገቢያው ላይ ነው። ርካሽ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ሊገዛ የሚገባውን አንድ ነገር ለይቶ በደንብ መግዛት፣ የቀረውን በአካባቢው ከሚገኝ ነገር መሥራት።

ማድረቂያ በዓመት የሚሠራው ጥቂት ሳምንታት መሆኑንም መርሳት አይገባም። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢገዛው ቀሪውን ጊዜ ዝናብና ዝገት ይበላዋል። የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ከቤት ወደ ቤት የሚዞርና እስከ 15 የሚደርሱ ቤተሰቦች የሚጋሩት ነው። ለዚህ ሲባል ከባዱን ክፍል በሦስት ከፈልኩት፤ ቡሎኖቹንም ሁሉ አንድ መጠን አድርጌ አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲበቃቸው አደረግሁ። ምርታቸው ከሁለት ኩንታል ለማይበልጥ፣ በመኸር ወቅትም ፀሐይ ለማያጡ ቤተሰቦች ግን ማሽን እንዳይገዙ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ንጹሕ ሸራ አንጥፎ፣ እህሉን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት በትኖ፣ ቢያንስ በየሰዓቱ ማገላበጥና ማታ ማታ መሸፈን ይበቃቸዋል። ሸራው ውሃ እንዳይቋጥር ዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል።

ከሁሉም በኋላ የሚረሳው ማቀዝቀዝ ነው። የደረቀ እህል እንደሞቀ ወደ ጆንያ ከገባ፣ ሌሊት የጆንያው ዳር ሲቀዘቅዝ ከመሐል የሚወጣው እርጥበት ዳሩ ላይ ይጤዛል፤ በጥንቃቄ የደረቀ በቆሎ ከውጭ በኩል ሲሻግት ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን እሳቱ ከተራገፈ በኋላ ማራገቢያው ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀዝቃዛ አየር ብቻ እንዲነፍስ ይደረጋል። የማቆሚያውን ጊዜ የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ እነዚያ የመጀመሪያዋን ሣጥን የሞከሩልኝ እናት ናቸው፤ እጃቸውን እስከ ወለሉ አስገብተው ታችኛው እንደ ላይኛው ቀዝቅዞ ሲያገኙት፣ ያን ጊዜ ጆንያ አምጡ ይላሉ።